ጥላሸትና ቀለም

አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ዳምጠው፣ መቃ ቀርጸው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊትና ድርሳን ሲጽፉ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላም ብዕራቸውን ያላስቀመጡ ሰው ነበሩ። እኔ ገና ሀሁን ሳልለይ ከእርሳቸው የተቀበልሁት የመጀመሪያው የኪነ ጥበብ ሥራ ከምጣድና ከድስት ጀርባ ጥላሸት መፋቅ ነበር። ማጀት ገብቼ፣ በአንድ እጄ ገል ይዤ፣ በሌላው በቢላዋ እየጫርሁ ያጠራቀምሁትን ዱቄት ስወስድላቸው ፊቴም፣ እጄም፣ እጀ ጠባቤም አንድ መልክ ይዘው ይገኛሉ። ሴት አያቴ ይቆጣሉ፤ እርሳቸው ይስቃሉ።

ጥላሸት ብቻውን ቀለም አይሆንም። አያቴ እስኪከስል የተቆላ ገብስ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሙጫ ጨምረው ይወቅጡታል፤ በውሃ ያርሱታል፤ ከዚያም በሸክላ ዕቃ ከድነው እንዲብላላ ለወራት ይተዉታል። በየጊዜው እየከፈቱ ሲያማስሉት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። «ያልበሰለ ቀለም ብራናን ይክዳል» ይሉ ነበር። ሲደርስ በቀንድ ይገለበጣል። ቀንዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የጥቁር፣ አንዱ የቀይ። ቀዩ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው፤ የቀረው ሁሉ በጥቁሩ ይጻፋል። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ የጌታ ስም በጥቁር የማይጻፈው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዕራቸውን ከብራናው አነሡና፣ «ቀዩ ለክብር ነው ልጄ፤ ነገሩን የሚናገረው ጥቁሩ ነው» አሉኝ።

ያ መልስ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አብሮኝ ኖሯል። ዛሬ ስለ ጥቁር ቀለም ለመጻፍ ብዕሬን እንዳነሣ ያስገደደኝ ግን የአያቴ ትዝታ ብቻ አይደለም። ያስገደደኝ እኔው ራሴ በዚያው ጥላሸት የሠራሁት ስሕተት ነው። ስሕተቱን ከመናገሬ በፊት ከየት እንደመጣ ላስረዳ።

ቋንቋችን ስለ ጥቁር ነገር ሲናገር ሁለት ምላስ አለው። ቀለም ስንል መልክን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ዕውቀትንም ማለታችን ነው። የተማረው የቀለም ሰው ይባላል፤ በትምህርት ከሁሉ የላቀው ሊቅ የቀለም ቀንድ ይባላል፤ ትምህርት አልገባ ያለው ቀለም አልዘልቀው አለ ይባላል። ይህ ሁሉ ማዕረግ መነሻው ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት ነው። ይኸው ቋንቋ ግን የሰውን ስም በሐሰት ማጉደፍን ጥላሸት መቀባት ይለዋል። ጥላሸቱ አንድ ነው። ቀንድ ውስጥ ሲገባ ያስከብራል፤ ፊት ላይ ሲያርፍ ያዋርዳል።

ሌላውንም እንይ። ሐዘንተኛ ከል ይለብሳል፤ የተቆጣ ፊቱን ያጠቁራል፤ ሕገ ወጡ ንግድ ጥቁር ገበያ፣ የተጠሉ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት ደብተር ጥቁር መዝገብ ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ እንኳ ከባዕድ ቋንቋ ተተርጉመው የገቡ ናቸው። በሌላው ወገን ደግሞ ከዚህ ቀደም ታይቶ የማያውቅ እንግዳ ጥቁር እንግዳ ተብሎ ይከበራል፤ ሙሽራ ኩል ትኳላለች፤ ባዕዳን ሰማያዊ የሚሉትን ዓባይ እኛ ጥቁር ዓባይ እንለዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የፋሺስት ኢጣሊያን ጦር ለመፋለም የተሰባሰቡት ወጣት መኰንኖችና ምሁራን ማኅበራቸውን ጥቁር አንበሳ ብለው ሰይመውታል። እንግዲህ ጥቁር በአፋችን ውስጥ ክብርም ነው፣ ነውርም ነው። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ተናጋሪው ነው።

በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይም ይኸው ሁለት ምላስ ይገኛል። በባህላዊው አሣሣል ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ኃጥኡ በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ሰይጣን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። ልጅ ሳለሁ የአያቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ቆሜ የምፈራው ያንን ጥቁር አካል ነበር። የቅዱሳኑ ትልልቅ ዓይኖች ብሌናቸው ጥቁር መሆኑን፣ ፊታቸውን ከመደቡ የለየው መሥመርም ጥቁር መሆኑን ያስተዋልሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጥቁሩ ባይኖር ሚካኤልም ገብርኤልም የቢጫና የቀይ ጭጋግ ሆነው በቀሩ ነበር። ሠዓሊው ጥቁሩን በሁሉም ዘንድ ሠርቶበታል፤ ተመልካቹ ግን ጥቁር ብሎ የሚጠራው ሰይጣኑን ብቻ ነው።

ስሕተቴ የመጣው ከዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተውኔት ጽፌ አሳተምሁ፤ ቀጥሎም ራሴ ለመድረክ እንዳዘጋጀው ዕድል አገኘሁ። ተውኔቱ ምሳሌያዊ ነበር፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ክፋት ነው። ክፋት ወደ መድረክ ሲገባ «ፊቱን ጥላሸት የተቀባ» ሲል መመሪያው ያዝዛል። ስጽፈው አላሰብሁበትም፤ ብዕሬ በለመደው መንገድ ሄደ። ለክፋት የመረጥሁት ተዋናይ ከምዕራብ የሀገራችን ክፍል የመጣ፣ መልኩ እጅግ ጥቁር የሆነ፣ ድምፁም ከቡድኑ ሁሉ የሠመረ ወጣት ነበር። የመረጥሁት ለድምፁ ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ብጠየቅ ግን አልምልበትም።

ተውኔቱ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሙሉ አልባሳት በምንለማመድበት ምሽት የገጽ ቅብ ባለሙያዋ ጥላሸት በቅባት ለውሳ በሳሕን ይዛ ቀረበች። ወጣቱ እጇን በቀስታ መለሰና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ።»

«ጥላሸቱን የምቀባው ፊቴ እንዲታይ ነው፣ ወይስ እንዳይታይ?»

መልስ አጣሁ። «ምሳሌ እኮ ነው» አልሁት በመጨረሻ። «ክፋትን ይወክላል፤ ያንተን መልክ አይመለከትም።»

«ለእርስዎ ምሳሌ ነው» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «እኔ ግን ልጅ ሆኜ በሰፈር የምጠራበት ስም ነበር። ያን ጊዜ ጥላሸት የሚቀባኝ አላስፈለገም።»

ያ ስም ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ እዚህ አልደግመውም። በባላባታዊው ሥርዓት ዘመን ከምዕራብና ከደቡብ የሀገራችን ዳርቻ ሰው እየተፈነገለ እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1942 በዐዋጅ ተሻረ፤ ስሙ ግን በዐዋጅ አልተሻረም። የ1896ቱን የዓድዋ ድል የጥቁር ሕዝብ ድል ብለን በዓለም ፊት በኩራት የምናወሳው እኛው ነን፤ በየሰፈራችን ጥቁሩን ልጅ በዚያ ስም የጠራነውም እኛው ነን። በዚያ ምሽት ልምምዱ ተቋረጠ። የገጽ ቅብ ባለሙያዋ ሳሕኑን ይዛ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገብቷት ስትቆም አስታውሳለሁ።

ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት አገላበጥሁ። ሰው ጥያቄ ሲጸናበት ወደ ለመደው ይሸሻል፤ እኔም ሸሸሁ። ጥቁር ቀለም በዘመናዊው ሥነ ጥበብ ውስጥ ያለውን ሥፍራ በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤው ነበር፤ በዚያ ሌሊት ግን በሌላ ዓይን አነበብሁት። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ከዚህ ቀጥሎ የማነሣቸውን ሥዕሎች ያየሁት በመጽሐፍ ታትመው ነው። በገጽ ላይ ሁሉም ጥቁር አንድ ነው፤ የአታሚው ቀለም ነው። ይህም ራሱ አንድ ትምህርት ሆነኝ፤ ጥቁርን ከሩቅ ያየ ሁሉ አንድ ነው ይለዋልና።

ነገሩን ከካዚሚር ማሌቪች እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1915 መጨረሻ በፔትሮግራድ በተከፈተ ዐውደ ርእይ ይህ ሠዓሊ በነጭ መደብ ላይ የተቀባ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን አቀረበ። ሸራው ጎንና ጎኑ 80 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሰቀለው ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው፤ ይኸውም በሩሲያ ምእመናን ቤት ቅዱስ ሥዕል የሚሰቀልበት ሥፍራ ነው። ማሌቪች ሥዕልን ሰውንና ዕቃን ከመምሰል ግዴታ ነጻ ማውጣቱ ነበር፤ ጥቁሩም ለመቶ ዓመታት ያህል የንጹሕ ሐሳብ ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሞስኮ የትሬትያኮቭ ቤተ ሥዕል ባለሙያዎች ሥዕሉን በራጅ መርምረው ከጥቁሩ ሥር ሁለት ሌሎች ባለ ብዙ ቀለም ሥዕሎች መኖራቸውን ገለጹ። ከዚህም ጋር በነጩ ጠርዝ ላይ ደብዝዞ የቀረ የእጅ ጽሕፈት አግኝተው «የጥቁሮች ውጊያ በጨለማ ዋሻ» ወደሚል ንባብ አዘነበሉ። ይህ ፈረንሳዊው ቀልደኛ አልፎንስ አሌ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው አልበም ውስጥ አንድን ጥቁር ገጽ ከሰየመበት የፌዝ ርእስ ጋር ይዛመዳል። ጽሕፈቱ የማሌቪች ይሁን የሌላ ሰው ያከራክራል። የማንም ይሁን የማን፣ ከሁሉ የነጻ ነው በተባለው ጥቁር ጠርዝ ላይ የሰው መልክ ለፌዝ ውሎ ተገኝቷል። እኔም በዚያ ሌሊት «ምሳሌ እኮ ነው» ያልሁትን አስታወስሁ።

ከማሌቪች ቀጥሎ ያገኘሁት አሜሪካዊውን አድ ራይንሃርትን ነው። ይህ ሠዓሊ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ጎንና ጎኑ አንድ ሜትር ተኩል በሆነ ሸራ ላይ ጥቁር ሥዕል ብቻ ሲሠራ ኖረ። ፊቱ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አንድ ወጥ ጥቁር ነው። ታግሦ የቆየ ግን ዘጠኝ አራት ማዕዘኖችን ያያል፤ አንዱ ወደ ቀይ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ በመካከላቸውም መስቀል ይገለጣል። ፎቶግራፍ አይዘውም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚይዘው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1967 አንድ የካናዳ የሥነ ጥበብ መጽሔት ቶሮንቶንና ኒው ዮርክን በስልክ አገናኝቶ ስለ ጥቁር ውይይት አካሄደ። ከተወያዮቹ አንዱ ራይንሃርት፣ ሌላው ጥቁር አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ሴሲል ቴይለር ነበር። ራይንሃርት ጥቁርን ከማናቸውም የኑሮና የታሪክ ትርጉም ነጻ የሆነ የሥዕል ጉዳይ አድርጎ ተሟገተ። ቴይለር ደግሞ ጥቁር ለእርሱ የሚኖርበት ማኅበረሰብ፣ የሚሸከመው ታሪክ መሆኑን አስረዳ። ሳይግባቡ ተለያዩ። በዚያው ወር ራይንሃርት በ53 ዓመቱ ሞተ። ይህን ሳነብ በመድረኩ ላይ የተለዋወጥነውን ቃል ያነበብሁ መሰለኝ። የራይንሃርት ችሎታ ባይኖረኝም ክርክሩ የእኔ ነበር፤ የቴይለርም ክርክር የዚያ ወጣት። ሁለቱም ስለ ጥቁር ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ ጥቁሩን በሸራው ላይ ትቶት ይሄዳል፤ ሌላው ይዞት ይሄዳል።

ታዲያ ጥቁርን እንደ ቀለም ብቻ ያጠና ሠዓሊ የሚያስተምረን የለም ማለት ነውን? አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ሱላዥ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ተወልዶ በ2022 በ102 ዓመቱ የሞተው ይህ ሠዓሊ በወጣትነቱ ከለውዝ ዘር ልጣጭ በሚወጣ ጥቁር ቡናማ ቀለምና በሬንጅ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ቀን አልሳካ ያለው ሸራ ላይ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲደርብ ውሎ ተስፋ ቆርጦ ተወው። ተመልሶ ሲያየው ግን ሥዕሉ በጥቁርነቱ የሚሠራ አልነበረም። በቀለሙ ላይ ብሩሹና መፋቂያው የተዉት ቦይና ሸንተረር ብርሃንን እየተቀበለ ይመልሰው ነበር። ከዚያ ጀምሮ ከአርባ ዓመታት በላይ በዚህ መንገድ ሠራ፤ የራሱንም ቃል ፈጠረለት፤ ትርጉሙ ከጥቁር ባሻገር ማለት ነው። የሱላዥ ጥቁር ተመልካቹ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሄድ ብር ይሆናል፤ ሌላ እርምጃ ሲሄድ ይጨልማል። ሠዓሊው የሣለው ጥቁሩን ሳይሆን በጥቁሩ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ነው።

የዚህን ትርጉም የነገሩኝ ግን መጻሕፍት አልነበሩም፤ በዕድሜ የሚበልጡን የመብራት ባለሙያችን ነበሩ። በማግስቱ ስደርስ መሰላል ላይ ወጥተው አገኘኋቸው። «ይህን ልጅ ለዓመታት ከፊት ለፊት ብርሃን ስናፈስበት ኖረናል» አሉ። «እስቲ ከጎን ይምጣለት።» ሁለት መብራቶችን ወደ ጎንና ጥቂት ወደ ኋላ አዛወሩና ወጣቱን በመድረኩ መካከል አቆሙት። በግንባሩ፣ በጉንጩ አጥንት፣ በአገጩ መሥመር ላይ ብርሃኑ እንደ ውሃ ሄደ። ዓይኑ ሲዞር አዳራሹ ሁሉ ያያል፤ ከንፈሩ ሳይናገር ሲንቀሳቀስ ከመጨረሻው ረድፍ ይታያል። ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህ ልጅ ድምፅ አለው እንጂ ፊቱ መድረክ ላይ አይወጣም ስንል ኖረናል። ፊቱ ሁልጊዜም ነበረ፤ ያልነበረው የእኛ መብራት ነበር።

ይህ የአንድ ቲያትር ቤት ጉድለት ብቻ አይደለም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ለብዙ ዓመታት የፎቶግራፍ ፊልም ቀለም የሚስተካከለው የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ባለበት መለኪያ ካርድ ነበር። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ሰዎች አንድ ላይ ሲነሡ ጥቁሩ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። ፊልሙን ለማሻሻል አምራቹን ያነሣሡት ከሌሎች መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ነበሩ፤ የሸቀጣቸው የቡናማ ዓይነቶች አልለይ ብሏቸዋልና። የሰው ፊት ያላገኘውን ብርሃን ቸኮሌት አገኘው።

ጥርስና ዓይን ብቻ የሆነውን ይህን ፊት የሥዕል ጉዳይ ያደረገው ኬሪ ጄምስ ማርሻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በአላባማ የተወለደው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1980 ከአንድ የደብተር ገጽ ያልበለጠ ትንሽ ሥዕል ሠራ። እንደ ጥንቱ ቅዱሳት ሥዕላት በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለም የተሣለ ነው። በጥቁር መደብ ላይ ጥቁር ሰው፤ ከሸሚዙ ጫፍ፣ ከዓይኖቹና ከፈገግታው ክፍት ጥርስ በቀር ምንም ነጭ የለበትም። ማርሻል ይህን የሣለው ራልፍ ኤሊሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመውን፣ ስለማይታይ ሰው የሚናገረውን ልብ ወለድ አንብቦ ነው። ፌዘኞች ጥቁርን የሚያሾፉበትን መልክ ራሱ አንሥቶ፣ እስኪ እዩኝ አለ።

ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ለእኛ ዋናው ነው። ማርሻል ጥቁሩን ሰው አላስነጣውም፤ ቡናማም አላደረገውም። ጥቁርነቱን ሳይቀንስ ውስጡን ማስፋት መረጠ። በገበያ የሚሸጡትን ሦስት ጥቁሮች፣ ይኸውም ከተቃጠለ አጥንት የሚገኘውን፣ ከጥላሸት የሚገኘውንና ከብረት ዝገት ዘር የሚሠራውን ወሰደ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ እየቀላቀለ ሙቅና ቀዝቃዛ፣ ቅርብና ሩቅ የሆኑ ጥቁሮችን አወጣ። በእነዚህም ፀጉር ቤት የተቀመጡ ሰዎችን፣ ፍቅረኞችን፣ ሠዓሊያንን፣ በመናፈሻ የሚዝናኑ ቤተሰቦችን ሣለ። መናፈሻውን ያሳየበት የ1997 ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ዋጋውን ያነሣሁት ለገበያው ክብር አይደለም፤ በነጻ እንኳ አይታይም የተባለው ፊት ምን ያህል እንደታየ ለማመልከት ነው።

በዘመናችን ተቃራኒውን መንገድ የያዘ ሌላ ጥቁር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ቫንታብላክ የተባለ ልባስ ሠራሁ ብሎ አስታወቀ። ልባሱ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች ጫካ ነው፤ የሚያርፍበትን ብርሃን 99.965 በመቶ ይውጣል። በእርሱ የተለበጠ ቅርጽ ጉብታውም ጎድጓዳውም ይጠፋል፤ ዓይን የሚያየው ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ልባሱን በሥነ ጥበብ የመጠቀም መብት ለአንድ ሠዓሊ፣ ለአኒሽ ካፑር ብቻ መሰጠቱ ታወቀ። ሠዓሊያን ተቆጡ። ስቱዋርት ሴምፕል የተባለው እንግሊዛዊ ከካፑር በስተቀር ማንም ሊገዛው የሚችል የራሱን ጥቁር እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ነገሩ ያስቃል፤ ቁም ነገርም አለው። ካርቦን ማለት ዞሮ ዞሮ የምጣዱ ጥላሸት ዘመድ ነው። ከሴት አያቴ ማጀት በነጻ የምፍቀው ነገር ባለቤት ተገኘለት። ደግሞም በጥቁር የሚሠራ ሰው ሊመርጣቸው የሚችላቸው ሁለት መንገዶች ከዚህ ይታያሉ፤ አንደኛው ፊትን የሚውጥ ጥቁር ነው፤ ሁለተኛው ፊትን የሚሰጥ ጥቁር ነው። እኔ በመድረክ መመሪያዬ የመረጥሁት የመጀመሪያውን ነበር።

ይህ ሁሉ የባዕዳን ጣጣ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር እስክንድር ቦጎሲያንን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር በለንደንና በፓሪስ ኖሮ ሠርቶ፣ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን አስተምሯል። ከ1972 ጀምሮ ደግሞ በዋሽንግተን በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ዐረፈ። በ1964 የሠራው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ዛሬ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የእስክንድር ጨለማ ባዶ አይደለም፤ ክንፍ፣ ዓይንና መንፈስ የሚርመሰመስበት ነው። ከአብነት ትምህርት ቤት ብራናና ከክታቡ ዓለም ያመጣውን፣ በፓሪስ ካገኛቸው የአፍሪካና የካሪብ ጥቁር አርቲስቶች ዓለም ጋር በአንድ ሌሊት ውስጥ አሳድሮታል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ጁሊ ምህረቱም በትልልቅ ሸራዎቿ ላይ በጥቁር ቀለም የምታሰፍራቸው ምልክቶች ከሩቅ ጭስ፣ ከቅርብ ጽሕፈት ይመስላሉ። እኔ ሳያቸው የአያቴን ብዕር አስባለሁ፤ ሠዓሊዋ አሰበችው ማለቴ ግን አይደለም።

ወደ ተውኔቴ ልመለስ። ከመድረክ ጽሑፉ ላይ «ፊቱን ጥላሸት የተቀባ» የሚለውን ሰረዝሁት። ለወጣቱም ሌላ ገጸ ባሕርይ እንዲወስድ ሐሳብ አቀረብሁለት። «ክፋትን እኔው እሠራዋለሁ ጋሼ» አለኝ፤ «ክፉ ሰው ሆኜ፣ ጥቁር ስለሆንሁ ግን ሳይሆን።» በባዶ ፊቱ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሠራው። ተመልካቹ የፈራው ለስላሳ ድምፁንና የእጁን እርጋታ ነበር። ጥላሸቱ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ሸፍኖት፣ ተመልካቹም የፈራው የለመደውን ግድግዳ በሆነ ነበር። እንግዲህ ጥላሸቱ የጎዳው ወጣቱን ብቻ አልነበረም፤ ተውኔቱንም ነበር። ሰነፍ ምልክት ሁልጊዜ ሥነ ጥበቡንም ሰውየውንም አብሮ ይጎዳል።

ይህን መጽሔት የምታነቡ መምህራን፣ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችና በባህል ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ሁሉ፣ አንድ ቀላል ነገር ላቅርብላችሁ። በሥዕል ክፍል ለሕፃናት ጥቁር ቀለም ለፀጉር፣ ለጥላና ለጅብ ብቻ ሲውል ኖሯል። ጥላሸት፣ ከሰልና የተቃጠለ አጥንት ሰብስበው እያንዳንዱን ለየብቻ ፈጭተው በሙጫ ይለውሱት፤ ጎን ለጎን ይቀቡትና የትኛው ወደ ሰማያዊ፣ የትኛው ወደ ቡናማ እንደሚያደላ ይናገሩ። ከዚያም የጎረቤታቸውን ልጅ ፊት በእነዚህ ይሣሉ። ወጪ የለውም። የቲያትርና የፊልም አዘጋጆችም አንድ ተዋናይ «አይታይም» ከማለታቸው በፊት መብራቱን አንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ።

የእኔ ግን ገና አልተዘጋም። አያቴ ሲጽፉ ሲሳሳቱ ቢላዋቸውን አንሥተው የተሳሳተውን ፊደል ከብራናው ላይ ይፍቁት ነበር፤ ብራና ወፍራም ነውና ይታገሣል፤ በተፋቀውም ላይ እንደገና ይጽፉበታል። ማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ይህ ጸጋ የለውም። የተውኔቴ የታተመው ቅጂ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል፤ ያቺም መመሪያ በጥቁር ቀለም እንደታተመች አለች። ነገ አንድ ወጣት አዘጋጅ ያነሣትና ሳሕን ያዘጋጃል፤ አንድ ሌላ ወጣት ፊቱን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ያን ጊዜ እኔ በዚያ አልኖርም። ይህን የጻፍሁት ቢላዋዬ ቢደርስ ብዬ ነው።